አራት ሚሊ ድድ

ግቢ፣ ግቢ የኔ ፍልቅልቅ! እዚያ አይደለም፣ ያኛው ወንበር ጀሶ ነክቶታል፣ ቀሚስሽን ነጭ በነጭ ያደርግብሻል። ነይ እኔ አጠገብ። ዝናቡ መታሽ እንዴ? ከቤታችሁ ጃንጥላ የሚባል ነገር ጠፋ? እናትሽስ እንዴት ናት… ወገቧ ተሻላት? አይ እህቴ! ሐኪም ተኚ ሲላት ቁም ሳጥን የምትገፋ ሴት! አክስቴ ቅዳሜ እመጣለሁ ብላለች በያት። ቁም ሳጥኑን እኔና አንቺ ወደ ቦታው እንመልሰዋለን፣ እሷ ቁጭ ብላ ትዘዘን።

ቀጠሮሽ አምስት ሰዓት ነው አይደል? ገና ሃያ አምስት ደቂቃ አለሽ። ተራሽ ሲደርስ የላይኛው ክሊኒክ ነርስ ከደረጃው ራስ ላይ ሆና ትጣራለች፣ እስከዚያ እዚሁ እንጫወት። እጄ ሥራ ላይ ነው፣ አፌ ግን ሥራ ፈት ነው። ይቺን የታችኛ ሰው ሠራሽ ጥርስ አለስልሼ ለከሰዓት ማድረስ አለብኝ። ባለቤቱ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሾርባ ብቻ እየጠጣ ሰነበተ። ትናንት በስልክ 'ልጄ፣ ዳቦ ናፈቀኝ' ሲለኝ አንጀቴን በላው።

እጮኛሽም ይኸው ከመጋረጃው ወዲያ ነው፣ ማሽኑ ሲዞር ይሰማሻል? አንጥራው፣ ሥራ የያዘ ሰው አይረበሽም። ደግሞ ድምፅሽን ቀንሺ እንዳትዪኝ። ሃያ ዓመት ማሽን አጠገብ የኖረ ሰው ሹክሹክታ አያውቅም።

እጅሽን ከአፍሽ ላይ ለምን አታወርጂውም? አቧራው ነው? እሺ፣ አቧራው ይሁን።

ኧረ ነገርን ነገር ያነሳዋል፣ እንዲህ አፍሽን ይዘሽ ሳይሽ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። አንቺ አታውቂውም። ስሙንም አልጠራልሽም፣ የሰው ስም ማንሳት ከመቼ ወዲህ ነው የኔ ጠባይ? ጥርስ ሠሪ ነው፣ እንደኛው። አብረን ሠርተናል። ምን የመሰለ ባለሙያ መሰለሽ! እኛ ማታ ስንወጣ ወፍጮ ቤት የዋልን ነው የምንመስለው፣ እሱ ግን እንደገባ ይወጣል። ጥፍሩ ሥር ጀሶ ቢገኝ ሥራዬን እለቃለሁ። እርሳሶቹን እንኳ በቁመት ደርድሮ ነው የሚያስቀምጠው። የደረት ኪሱ ውስጥ ደግሞ አንዲት የብረት ማስመሪያ አለች፣ የጣት ርዝመት የምታክል። ሌላው ሰው እዚያ ኪሱ ውስጥ ምን ይይዛል? እስክሪብቶ፣ መሐረብ፣ የወዳጁን ፎቶ። እሱ ማስመሪያ… ያውም ከልቡ አጠገብ! ታዲያ ከዚህ ወዲያ የሥራ ፍቅር አለ?

ስለ ፈገግታ ደግሞ እንደሱ የሚያውቅ አልተፈጠረም። ሰው ሲስቅ የላይኛው ከንፈሩ የት ማረፍ አለበት መሰለሽ? ጥርስና ድድ የሚገናኙበት መስመር ላይ። አንድ ሚሊ ሜትር ድድ ብቅ ቢል ግድ የለም። ሁለት ሚሊ ይታለፋል። ሦስት ላይ የሰው ዓይን ውስጥ መግባት ይጀምራል። አራት ከደረሰ ግን ቁንጅና በቃት፣ ዕቃዋን ጠቅልላ ሄደች! 'ጥናት አለ' ይላል። መቼም ይኖራል፣ ሰው ምን የማያጠናው ነገር አለ? እሱም ግድግዳው ላይ የአንዲት ሴት ሦስት ፎቶ ለጥፏል። አንዱ ላይ ድዷ ጭራሽ አይታይም፣ አንዱ ላይ ትንሽ፣ አንዱ ላይ ብዙ። የገባውን ሁሉ እያስቆመ 'የትኛዋ ታምራለች?' ይላል። ጥበቃውን ጠየቀ። መስኮት ሊጠግን የመጣውን ጠየቀ። እኔንም ጠየቀኝ።

'ሦስቱም አንዲት ሴት አይደሉም እንዴ?' አልኩት።

'ግድ የለሽም፣ ምረጪ' አለኝ።

'እንግዲያማ ይቺ መጨረሻ ላይ ያለችው የምሯን እየሳቀች ነው፣ ሁለቱ ለመታወቂያ የተነሱ ነው የሚመስሉት' አልኩት።

ደብተሩን አወጣና ስሜ ፊት ለፊት 'አልገባትም' ብሎ ጻፈልኝ። ልክ ነው፣ አልገባኝም። ያልተማረ ሰው ሳቅ ሲያይ አብሮ ከመሳቅ በቀር ምን ይገባዋል?

ብቻ ይሄ ሰው አንድ ቀን ፍቅር ያዘው። እሰይ! ልጅቷንም አንቺ አታውቂያትም። እዚያ የምትሠራ አክስት ነበረቻት፣ ምስኪን ሴት ናት፣ አፏ ብቻ ነው የማያርፈው። እሷን ልትጠይቅ ትመጣ ነበር። ሳቋ ከእሷ ቀድሞ በር የሚከፍት ዓይነት ልጅ! አንድ ቀን ገና ደረጃው ላይ ሆና ስትስቅ ሰማ። አላያትም እኮ፣ ሰማ ብቻ። ጥርስ የሚደረድርበት ሰም ከእጁ አምልጦ ወደቀ። እሱ! ከእጁ ነገር ወድቆበት የማያውቅ ሰው! ሰሙ እዚህ ወለል ላይ… እዚያ ማለቴ ነው፣ እዚያ እነሱ ወለል ላይ ተጣብቆ ቀርቶ በቢላ ነው የፋቅነው።

ታዲያ በሳቋ የወደዳትን ልጅ ምን ያደርጋታል? ያገባታል፣ አትዪም? እሱም እንደሱ ነበር ያሰበው። ቀለበት ገዛ፣ ምሳ ጋበዛት። ልጅቷ ደስ ሲላት ዝም ማለት አትችልም። አክስቷ የነገረቻትን ታሪክ፣ የጀሶው ባልዲ ከመደርደሪያ ላይ ወድቆ የአለቃቸው ራስ ላይ እንደ ቆብ የተደፋበትን ታሪክ ትተርክለት ጀመር። ራሷ እየተረከች ራሷ በሳቅ ፈረሰች። እሱ አልሳቀም። ፊቷን ትክ ብሎ አየና 'ቆይ፣ እንደዚያው ያዢው' አላት። ያዘችው። ቀለበቱን ሊያወጣ ነው ብላ፣ አፏን እንደከፈተች ጠበቀችው። እጁን ኪሱ ከተተ… ማስመሪያውን አወጣ።

አንገትሽን አትድፊ እንጂ የኔ ሆድ፣ ስለ አንቺ መሰለሽ እንዴ የማወራው?

'አራት ሚሊ' አላት። በፍቅር ነው ደግሞ፣ ክፋት እንዳይመስልሽ! 'አትጨነቂ፣ ቀላል ነገር ናት፣ ድድሽን ከላይ ትንሽ ይቆርጡታል፣ በሳምንት ትድኛለሽ፣ ቀለበቱን ያኔ አደርግልሻለሁ' አላት። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላሉ፣ ይሄኛው ግን አዋቂ ነው፣ ከመሳሙ በፊት ይለካል! አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥም የብልህ ሥራ ነው። መለካቱን እሱ ጨርሶታል፣ መቆረጡ ብቻ ነው ለእሷ የቀረላት። እኩል ተካፈሉ፣ ባልና ሚስት ማለት ይሄ አይደል?

ከዚያ ወዲህ ያቺ ልጅ በአፍንጫዋ ነው የምትስቀው አሉ። በእህቷ ልደት የተነሳችውን ፎቶ አየሁት፣ ከንፈሯን እንደ ፖስታ አሽጋዋለች። አባቷ 'ይቺ ልጅ ታማለች እንዴ?' እያለ እናትየውን ይጨቀጭቃል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ቤቱን በሳቅ ስትሞላው ማንም አልለካትም፣ ማንም ይሄ ተረፈ ይሄ ጎደለ አላላትም። አንድ ቀን አንዲት ጣት የምታክል ብረት መጣችና ቤቱ ጭር አለ። አክስቷማ ተቃጠለች። ሥራ ቦታ እየመጣች ጥርስ ስታለሰልስ እንባዋ ጠብ ይላል፣ 'አቧራው ነው' ትላለች። እንዳንቺው።

እንዴ… ማሽኑ ቆመ። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው። ሥራውን ጨርሶ ይሆናል፣ ጎበዝ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፣ አንዳንድ ቀን ግን ለካ ይዛመዳል።

ሞት ይርሳኝ፣ ዋናውን ሳልነግርሽ! ይሄ የምልሽ ሰው እናት አሉት። እንዴት ያሉ ሴት! የቀሯቸው የላይ ጥርሶች አምና አለቁ። እሱ ታዲያ 'እናቴን ሌላ ሰው አይነካብኝም፣ በገዛ እጄ ነው የምሠራላት' አለ። እንዲህ ያለ ልጅ ይወለድልሽ ያሰኛል፣ አያሰኝም? መቼም የሥራችንን ደንብ ታውቂያለሽ፣ ጥርሱ ያለቀበትን ሰው የድሮ ፎቶ አምጣ እንለዋለን፣ ሲስቅ የተነሳውን። ጥርሱ ድሮ እንዴት እንደነበር ከዚያ አይተን ነው የምንደረድረው። እናትየውም አመጡ። በወጣትነታቸው፣ ደጅ ላይ ወንበር ወጥቶላቸው ተቀምጠው፣ ሕፃን ልጅ ታቅፈው፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሲንከተከቱ… ድዳቸው በሙሉ ወለል ብሎ! እኔ ማስመሪያ አልነካም፣ ግን አራት ሚሊ ብል አላጋነንኩም፣ አምስት ብትዪኝም አልከራከርሽ። የታቀፉት ሕፃንም ቀና ብሎ ያንን ሳቅ እያየ አብሮ ይስቃል፣ ጥርስ ገና አላወጣም፣ ድድ ብቻ። ማን ነው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።

ሰውዬው ፎቶውን አየው፣ አገላበጠው፣ 'አነሳሱ ልክ አይደለም' አለና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከዚያ መጽሐፉ እንደሚለው አድርጎ ሠራላቸው። ድድ ዜሮ! ጥርሱ እኩል፣ ከንፈሩ መስመሩ ላይ ልክክ! አቤት ሥራ! እጅ በእጅ እየተቀባበልን ነው ያየነው፣ ዛሬም ምስክር ነኝ። እናትየው መስተዋት ፊት ቆመው አደረጉት፣ ብዙ አዩት። 'እጅህ ይባረክ ልጄ' አሉ። እናት ምን ትላለች?

በማግስቱ ከጎረቤት ጓደኛቸው ጋር ደረጃ ላይ ተገናኙ። አርባ ዓመት 'አንቺ' እየተባባሉ፣ ሲጣሉ ሲታረቁ የኖሩ ሴቶች ናቸው። እናትየው ፈገግ አሉላት። ጓደኛዋ ምን ብትል ጥሩ ነው? 'እንደምን አደሩ… አዲስ ተከራይ ነዎት?' በአንቱታ!

እሰይ፣ አፍንጫሽ ተንቀሳቀሰ። ቆይ፣ ገና ነኝ።

እናትየው ያን ቀን ወደ እኔ መጡ። ልጃቸው ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። 'አንቺ ልጅ' አሉኝ፣ 'ጥርሱ ግሩም ነው፣ ያኝካል፣ አይወድቅም። ግን ስስቅ እኔ አይደለሁም የምስቀው፣ ሌላ ሴትዮ ናት።' ፎቶውን ከመሳቢያው አወጣሁት። ሦስት ቅዳሜ ከሰዓት እቤቴ ቁጭ ብዬ፣ እሱን እያየሁ ሌላ ጥርስ ደረደርኩላቸው። የሰሙን ሙከራ ሳደርግላቸው ፈገግ ይበሉ አላልኳቸውም፣ በትእዛዝ የሚመጣ ሳቅ ምን ይታወቃል? ስለ አለቃችንና ስለ ባልዲው ነው የነገርኳቸው። ሴትዮዋ ወንበሩን ይዘው፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው… ያቺ የፎቶዋ ሴት! ራሷ! ሽበት ብቻ ጨምራለች። በሳቅ መሃል አለቀሱ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ሰሙም ቀለጠ።

አሁን ምን ብለው ለልጃቸው ይንገሩት? 'ሥራህን አልወደድኩትም' ይበሉት? ልጃቸው ነው፣ ይወዱታል፣ ቅስሙን መስበር አልፈለጉም። እና ምን አደረጉ መሰለሽ… ሁለት የጥርስ ማስቀመጫ ብርጭቆ! አንደኛው ራስጌያቸው፣ ለእኔ ጥርስ። ሁለተኛው በር አጠገብ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ከአበባው ማሰሮ ጀርባ፣ ለእሱ ጥርስ። ቀኑን ሙሉ በእኔ ጥርስ ሲስቁ ይውላሉ፣ ከጓደኛቸው ጋር፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር፣ ከወተት ሻጩ ጋር። ልጃቸው ደግሞ ሲያንኳኳ ይታወቃል፣ ሦስት ጊዜ ነው፣ በእኩል ርቀት፣ ኳ… ኳ… ኳ። ያኔ 'ቆይ መጣሁ፣ ልጄ!' ይሉና ብድግ ብለው ወደ አበባው ማሰሮ ይሮጣሉ። የእኔን አውልቀው የእሱን ያደርጉና በሩን በዜሮ ሚሊ ይከፍቱለታል!

እሱ ግን ምን መሰለው? 'እናቴን ጉልበቷን እያመማት ነው፣ በር ለመክፈት ትዘገያለች' እያለ ለሰው ሁሉ ይነግራል። ቅባት ገዛላቸው። ከዘራ ገዛላቸው! ጉልበታቸው እኮ የሚዳቋ ነው! ከራስጌያቸው እስከ በሩ በስንት እርምጃ እንደሚበሩ ብታዪ… ከዘራውን መጋረጃ ማንጠልጠያ አድርገውታል!

ይኸው! ይኸው! ይኸው ሳቅሽ መጣች! አትያዢው፣ በሞቴ እጅሽን እንዳታነሺ! እልል ማለት አማረኝ። ሦስት ወር አፍነሽው እንዴት አልፈነዳሽም? ሳቂ የኔ ልጅ፣ ድድሽም ይሳቅ፣ ጉሮሮሽም ይሳቅ፣ የአንቺው ነው።

ምን ወደቀ? ከመጋረጃው ወዲያ ነው። ሰም አይደለም፣ ሰም ሲወድቅ አይጮኽም። ይሄ ብረት ነው… ቀጭን ብረት። ተዪው፣ ባለቤቱ ያነሳዋል።

የሰው ምስጢር ለምን አወጣሽ ትዪኝ ይሆናል። ስም ጠራሁ እንዴ? ደግሞስ የላኩኝ ራሳቸው እናትየው ናቸው። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ያቺ ልጅ ድዷን ልትቆረጥ ነው አልኳቸው። የያዙትን ስኒ አስቀመጡ። ሴትዮዋ ልጅቷን አንድ ቀን ብቻ ነው ያዩዋት፣ ያኔም በሳቋ ወጣትነቴን አየሁ ብለው ነበር። ምን አሉኝ መሰለሽ? 'ሄደሽ ንገሪያት። እሱም ቢሰማ ይስማ፣ እኔ ፊት ለፊት ልነግረው አቃተኝ። የኔ ጥርስ ይወለቃል፣ እሱ ሲወጣ መልሼ ራሴን እሆናለሁ። የእሷ ግን ሥጋዋ ነው። አንዴ ከተቆረጠ ከአበባው ማሰሮ ጀርባ አታገኘውም።' ይሄን ነው ያሉኝ። እኔ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፣ ሚሊ አላዛነፍኩም።

ሰማሽ? ነርሷ ናት፣ ከደረጃው ራስ እየተጣራች ነው። አምስት ሰዓት ሆነ ማለት ነው። እኔ ሂጂም አትሂጂም አልልሽም፣ ድድሽ የአንቺ ነው፣ ዕድሜሽም የአንቺ ነው። ላስቆርጠው ብለሽ በራስሽ ልብ ብትነሺ እጅሽን ይዤ ደረጃውን የማወጣሽ እኔ ነበርኩ። እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው… ያቺ ማስመሪያ ከመምጣቷ በፊት መስተዋት ፊት ስትቆሚ ማንን ነበር የምታዪው?

ኧረ የቀጠሮ ካርዱን እርጥቡ ጀሶ ላይ አስቀመጥሽው እኮ! ሊነከር ነው… እሺ። እሺ ልጄ። ይነከር። ነርሷን እኔ እነግራታለሁ፣ ልጅቷ ዳነች እላታለሁ። ቀለበቱስ? ለካ ገና አላደረገልሽም… አላደረገላትም ማለቴ ነው፣ ለዚያች ልጅ። እንኳንም አላደረገ፣ ማውለቅ እንኳ አላስፈለጋት።

በዚያኛው በር ውጪ፣ በመንገዱ በኩል። ዝናቡም አባርቷል። እየሳቅሽ ሂጂ፣ እናትሽ ገና ከቤታችሁ ደረጃ ስር ሆነሽ ትስማሽ፣ ወገቧ ይድናል።

ቆይ፣ ቆይ፣ ሳትወጪ! የሰው ነገር አንስቼ ሳልመርቀው ብለያይ ኃጢአት ይሆንብኛል። ለዚያ ለማውቀው ሰው ነው፣ ከልቤ ነው የምመርቀው፣ አንቺ አሜን በይ። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጠው። እጁን ይባርክለት፣ የነካው ሁሉ ይማርለት። ቤት ይስጠው። ሚስትም ይስጠው፣ መልኳ ጉድለት የማይገኝበት፣ ልክ እንደ እናቱ አድርጋ የምትወደው። ማታ ደክሞት መጥቶ ሦስት ጊዜ ሲያንኳኳ 'ቆይ መጣሁ፣ የኔ ጌታ!' ትበለው፣ እየሮጠች ሄዳ ለእሱ ብቻ ብላ ያስቀመጠችውን ፈገግታ አድርጋ በሩን ትክፈትለት። አሜን በይ።